ለጠመንጃ የበቃ፣ ለብርድ ልብስ ያልበቃ

ለተከበሩ አቶ ቤዛብሕ እንድርያስ፣
በለምለም ጥላ ብርድ ልብስ ማምረቻ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፣
እንዲሁም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የቅዳሜው የሥራ ፈላጊዎች ሥልጠና መምህር፣
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንደ ወትሮው አይደለምና ጉልበትዎን፣ ወገብዎን፣ ይልቁንም በቃለ መጠይቅ መካከል እየከረከረ የሚያስቸግርዎትን ጉሮሮዎን አምላክ ይጠብቅልዎ። ለተከበሩት ባለቤትዎና ለልጆችዎም እንዲሁ ጤና ይስጥልኝ። እኔ፣ ይጠይቁኛል ብዬ ባላስብም፣ በቀኝ ጆሮዬ በኩል እጅግ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ማድረስ ሲገባኝ በፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው በወይዘሮ ሀጂራ ሱቅ መስታወት ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በዝግ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። ሁለቱም ጊዜ «በሚመለከተው ክፍል በኩል ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰልኝ፤ የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ ስጠይቅ እርስዎ እንደሆኑ ተነገረኝ። ለሦስተኛ ጊዜ በቀጥታ ላስቸግርዎ ስላልፈለግኩ፣ ሳሙናና ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንብቦ ቢነግርዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ የማውቃቸው አቶ ቤዛብሕ ሁለት ናቸው። አንደኛው ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሹራብ ለብሰው የሚያስተምሩት፣ የሰው ችግር ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርረው፣ «ወንድሜ» ሳይሉ የማንንም ስም የማይጠሩት ናቸው። ሁለተኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ በከረባት የሚመጡት ናቸው። በቁመትም በመልክም አንድ ናቸው፤ የሚነዱትም መኪና ያው ነው። እስካሁን ግን ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ይህ ደብዳቤ ቢያንስ ያስተዋውቃቸው ይሆናል።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ኢታና ቶሎሳ እባላለሁ፤ የተወለድኩትም ያደግኩትም ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገልኩት በንብረት ክፍል ነበር፤ ብርድ ልብስ፣ ጫማና ድስት ስቀበልና ሳስረክብ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከመጋዘናችን አጠገብ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ድንገተኛ ጩኸት ስሰማ ደግሞ፣ በተለይ ብረት ከብረት ሲላተም፣ እጄም ጉልበቴም ይንቀጠቀጣል። የሕክምና ቦርድ መረመረኝና ለውትድርና ብቁ አይደለህም ብሎ በክብር አሰናበተኝ። ነገሩ ይኸው ነው። አልሰረቅኩም፣ አልከዳሁም፣ አለቃዬንም አልደበደብኩም።

ታዲያ በከተማችን «ከሠራዊት ወጣ» የሚለው ወሬ ብቻውን ቆሞ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ከራሱ የሚቀጥልበት ነገር አለው። አንዱ «ጠፍቶ ነው» ይላል፣ ሌላው «ነክቶት ነው» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ፈርቼ በማመልከቻዬ ላይ የውትድርናውን ዓመታት ዘልዬ እጽፍ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ዓመታት የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። ንግድ ላይ ነበርኩ አልኩ። የንግድ ፈቃድ አምጣ አሉኝ። ፈቃዱን ፍለጋ እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አልተመለስኩም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ያደረጉልኝ ውለታ ብዙ ነውና እንዳይዘነጋ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። አክስቴ አጸደ «ሂድ፣ እኚህ ሰው ስንቱን ሥራ አስይዘዋል» ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ትልከኝ ጀመር። እርስዎ በዚያ ያስተማሩን ትምህርት አሁንም ከልቤ አልጠፋም። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ መደበቅ የለበትም፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገረው አሉን። በመጀመሪያው የሆነውን፣ በሁለተኛው የተማረውን፣ በሦስተኛው አሁን መሥራት የሚችለውን። ከዚያ ዝም ይበል። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» የሚለውንም ተረት በነጭ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉልን።

እኔን አስነስተው እርስዎ እንደ ቀጣሪ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ግራ ጆሮዬን በመሣሪያ እንዳጣሁ፣ ብረት ከብረት ሲላተም እንደምንቀጠቀጥና በክብር እንደተሰናበትኩ፤ ሰው የራሱን አቅም ማወቅ እንዳለበት እንደተማርኩ፤ ጸጥ ባለ ቦታ፣ በመጋዘን፣ ንብረት በታማኝነት መያዝ እንደምችል። ዝም ስል አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። ከሁሉም ቀድሞ የተሰማው የእርስዎ ድምፅ ነበር። ተነሥተው አቀፉኝ። ያን ቀን እንጦጦን ብወጣው የማይደክመኝ እየመሰለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያው ሰሞን በማምረቻዎ የመጋዘን ሠራተኛ እንደሚፈለግ የነገሩኝም እርስዎ ነዎት።

የብርድ ልብስ መጋዘን አይተው ያውቃሉ? ማለቴ ገብተው፣ በሩን ዘግተው ቆመው ያውቃሉ? እኔ አውቃለሁ። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ብርድ ልብስ ጩኸትን ሁሉ ይውጠዋል። የመኪናው፣ የማሽኑ፣ የሰዉ ድምፅ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ከተሰናበትኩ ወዲህ እጄ የማይንቀጠቀጥበት ቦታ ቢኖር ያ ነው ብዬ አሰብኩ። የፈለግኩት ከዚያ የበለጠ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

፪ኛ፤ ስለ ቃለ መጠይቁ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ጋር የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሚልካ ተቀምጠው ነበር። ከሠራዊቱ ለምን እንደወጣሁ ተጠየቅኩ። እርስዎን ሳይ ልቤ ሞላ፤ የቅዳሜው አቶ ቤዛብሕ ናቸው ብዬ ነበር፤ ከረባቱን ልብ አላልኩትም። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ልክ እንዳስተማሩኝ ተናገርኩ። ከሦስተኛው በኋላም፣ ሰው የለመደውን አይረሳምና፣ ዝም ብዬ «አሜን» የሚለውን መጠበቅ ጀመርኩ።

«አሜን» አልመጣም። እርስዎ እስክሪብቶዎን አገላብጠው ያያሉ፤ እኔ አፌን ትንሽ ከፈት አድርጌ እርስዎን አያለሁ። ምናልባት ቀስ ብለው በልባቸው ብለውት ይሆናል ብዬ ሌላ ጥቂት ጠበቅኩ። በዚህን ጊዜ ወይዘሮ ሚልካ ወደ እርስዎ ጠጋ ብለው «አዩት? በሐሳቡ ሄደ እኮ! ወታደሮቹን እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው» አሉ። የተቀመጡት በቀኜ በኩል ስለነበር ጥርት ብሎ ሰማኋቸው። ክቡር ሆይ፣ የት እንደሄድኩ እርስዎ ያውቁ ነበር። የሄድኩት ቅዳሜ ዕለት ያቀፉኝ ቦታ ድረስ ነው። «ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣዎ የሰው እንጀራ ትተርፍ ነበር። እርስዎ ግን ጉሮሮዎን ጠርገው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

የሚቀጥለው ጥያቄ የወይዘሮ ሚልካ ነበር። «ለውትድርና ብቁ ያልሆነ ሰው ለእኛ እንዴት ብቁ ይሆናል?» አሉኝ። ብርድ ልብስ መቁጠር ከምሽግ ጋር እንደማይገናኝ ላስረዳ ስል «ለነገሩ ጤነኛ ትመስላለህ፤ ጤነኛ ከሆንክስ ለምን አስወጡህ?» ብለው ሌላ ጨመሩ። ጤነኛ ነኝ ብል ለምን ወጣህ፣ ታምሜያለሁ ብል ለምን መጣህ ሆነ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰው ገድዬ እንደማውቅ ጠየቁኝ። የንብረት ክፍል ሰው ስለሆንኩ አልገደልኩም አልኩ። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ፤ እውነትም ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ብገድል የሚፈሩኝ፣ ባልገድል የሚንቁኝ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ከወንበሩ ተነሥቼ ልወጣ ስል በሩ የት እንደነበር እንኳን ጠፍቶኝ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄጃለሁ፤ ይህም ሳይጻፍብኝ አልቀረም።

ከዚያ እንደወጣሁ ውኃ ልጠጣ ወይዘሮ ሀጂራ ሱቅ ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ስኳር እየመዘኑ «አንተ ልጅ፣ እውነትን እኮ በችርቻሮ ነው የሚሸጧት፤ እንዲህ በጅምላ ካቀረብካትማ ማን ገዝቶ የት ያደርጋታል?» አሉኝ። የቅዳሜው ሥልጠና ይህን ክፍል ዘልሎታል። ጊዜ ካለዎት ወይዘሮ ሀጂራን እንግዳ አስተማሪ አድርገው ይጋብዟቸው፤ ሱቁን ለሰው አደራ ሰጥተው ይመጣሉ።

፫ኛ፤ ይህኛው ምስጋናዬ ልዩ ነው። ለመጋዘኑ እንዳልተመረጥኩ ከተነገረኝ በኋላ ደግመው አስጠሩኝና ለጥበቃ ሥራ ግባ አሉኝ። «ለጊዜው ነው ወንድሜ፤ ከውስጥ ሆነህ ወደ መጋዘኑ ትዛወራለህ» አሉኝ። «ወንድሜ» ስላሉኝ የቅዳሜው መስለውኝ አመንኩ። የጥበቃው ኃላፊ አቶ ኑሕ ዘንድ ላኩኝ። የእሳቸው ቃለ መጠይቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ «ወታደር ነበርክ?» አሉኝ። አዎን አልኩ። «በቃ፣ ነገ ግባ» ብለው አሮጌ ጠመንጃ አስረከቡኝ። ለምን ወጣህ የለ፣ ጆሮህ እንዴት ነው የለ፣ ሄደ መጣ የለ። እርስዎ መጋዘኑን ለዚህ ሰው መስጠት ያሰጋል ባሉ በሳምንቱ ለዚሁ ሰው ጥይት የጎረሰ ጠመንጃና የግቢውን ሁሉ ሌሊት ሰጡት። ብርድ ልብስ ይዞ ሰው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ፈርተው እንደነበር እስከ ዛሬ እየተመራመርኩ ነው።

ነጭ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ተረትም ሳይፈጸምብኝ አልቀረም። እውነት ተናግሬ የመሸብኝ እርስዎ በር ላይ ሆነና፣ እነሆ አዳሪ ዘበኛ ሆኜ አድራለሁ።

በሩ ላሜራ ነው። መኪና በገባና በወጣ ቁጥር ከብረት ምሰሶው ጋር ይላተማል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይላተማል። ብረት ከብረት ሲላተም የምሆነውን በቃለ መጠይቁ ላይ በራሴ አንደበት ነግሬዎታለሁና ይህን ቦታ ሳያስቡበት የመረጡልኝ አይመስለኝም። በተላተመ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በእጄ ያለው ደግሞ ጠመንጃ ነው። እንደ ሰው ከተጠየቅኩ እፈራለሁ። የምፈራው ሌባ አይደለም፤ እጄን ነው። አቶ ኑሕ ይህን አይተው ጥይቱን አውጥተው በኪሳቸው ያዙልኝ፤ ስለዚህ የማምረቻዎ ንብረት በአሁኑ ሰዓት የሚጠበቀው በባዶ ብረትና በአንድ ጆሮ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። አቶ ኑሕን ግን አደራ አይንኩብኝ፤ ማንም ሳያስተምራቸው የገባቸው ሰው ናቸው።

፬ኛ፤ ስለ ዋስትናው። ለመጋዘኑ ሳመለክት የደመወዝ ሠራተኛ የሆነ ዋስ አምጣ ተብዬ፣ አክስቴ አጸደ ከመሥሪያ ቤቷ የዋስትና ደብዳቤ አጽፋ ሰጥታኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቷ ደንብ አንድ ሠራተኛ ከአንድ ሰው በላይ ዋስ እንዲሆን አይፈቅድም። መጋዘኑን ሲከለክሉኝ ደብዳቤውን ይመልሱልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርስዎ ግን ምንም ነገር እንዲባክን የማይወዱ ሰው ስለሆኑ ወደ ጥበቃው ፋይል አዛወሩት። እኔ ሳልዛወር ዋሴ ተዛወረች። አሁን በሌሊት አንድ ጥቅል ክር ቢጠፋ የሚጠየቀው የአክስቴ ደመወዝ ነው። እሷ ይህን ታውቃለች። ጠዋት ቤት ስገባ «ሰላም አደርክ?» ትለኛለች እንጂ ሌላ አትናገርም፤ ሰላም ማደሬን የምትጠይቀው ግን ስለ እኔ ብቻ እንዳልሆነ ከዓይኗ አያለሁ፤ እንዲህ በማሰቧም አልቀየማትም።

ልዩ የምትባለውን ልጇን በዚህ ሰሞን አንድ ባንክ ቀጠራት። ዋስ አምጪ ተባለች። እናቷ በእኔ ተይዛለች። ልዩ በቤታችን ከማንም ይልቅ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ አሁን እራት ላይ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳህኗን እያየች ትበላለች። አንድ ቀን ብትቆጣኝ፣ «በአንተ ምክንያት» ብትለኝ እፎይ እል ነበር። አትለኝም። ቤት ውስጥ ሁሉም እንዲህ ሲጠነቀቁልኝ የሚሰማኝን ኀፍረት በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር አልቻልኩም።

ልቀቁኝ እንዳልል፣ ክሊራንስ፣ ከዕዳ ነፃ ነው የሚለውን ወረቀት ማለቴ ነው፣ ካልሰጡኝ ዋሴ አትወርድም፤ ክሊራንስ ደግሞ የሚፈርሙት እርስዎ ሲሆኑ፣ ተተኪ ዘበኛ እስኪገኝ አይታሰብም ብለውኛል። ዝም ብዬ ብቀር አክስቴ የጠፋ ሰው ዋስ ትሆናለች። በዲሲፕሊን ብሰናበት ደግሞ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የማስረዳቸው ስንብቶች ሁለት ይሆናሉ፤ በስድስት ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ማጡ ላይ የእርስዎ ማኅተም ያለበት መሆኑ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው። ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ጥጥ የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲገባ እኔ ቀኜን ወደ በሩ፣ ግራዬን ወደ መኪናው ሰጥቼ ቆሜ ነበር። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፤ ረዳቱም ጮኸ፤ የሰፈሩ ውሾች ሳይቀሩ ሰሙ። እኔ አልሰማሁም። አቶ ኑሕ ሮጠው መጥተው በኮቴ ኮሌታ ጎትተው አወጡኝ፤ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። የመኪናው የኋላ ጎማ ጠመንጃውን ብቻ ረግጦ ቆመ። አቶ ኑሕ ከወደቁበት ሆነው «በሕይወት አለህ?» አሉኝ። የጠየቁኝ በቀኝ ጆሮዬ ነበርና መለስኩላቸው።

እርስዎ ግን ስለ ጠመንጃው ጠየቁኝ። ከዚያም «በሥራ ላይ ቸልተኝነት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ዳግመኛ ባስረዳዎ በእውነት የተገረሙ መስለው ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ታዲያ ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ከባድ መሣሪያ አጠገቤ ሲወድቅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን ጆሮዬን ያደነቆረው ነገር የለም። ያቀፉኝ ቀን ነግሬዎታለሁ። እስክሪብቶዎን ያዩ ቀን ነግሬዎታለሁ። ይህን ሳስታውስዎ «ያ ለመጋዘን ነው፤ ለጥበቃ ስትቀጠር ግን አላሳወቅክም፤ መረጃ መደበቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው» ብለው በማስጠንቀቂያው ላይ ሌላ አንቀጽ ጨመሩበት። በተጠየቅኩበት ቦታ በመናገሬ ሥራ አጣሁ፤ ባልተጠየቅኩበት ቦታ ባለመናገሬ ጥፋተኛ ሆንኩ። እንግዲህ የሚናገርበትንም ዝም የሚልበትንም ሰዓት ያላወቀ ሰው ነኝ፤ ጥፋቴን ተቀብያለሁ።

፮ኛ፤ አጭር ናት። የመጋዘን ሠራተኛው ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ለቦታው «ታማኝና ልምድ ያለው» ሰው የሚፈልገውን አዲሱን ማስታወቂያ ሰኞ ዕለት በበሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳን በዝምታ መኖር እችል ነበር። ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ማስጠንቀቂያው በተሰጠኝ ማግሥት የደረሰኝ ስልክ ነው። የደወሉልኝ የቅዳሜው አቶ ቤዛብሕ ነበሩ። ድምፃቸው እንደ ማር ነበር። ስለ ማስጠንቀቂያው የሰሙ አይመስሉም። በሚመጣው ቅዳሜ አዲስ ሰልጣኞች ስለሚገቡ፣ ከእነሱም መካከል እንደ እኔ ከሠራዊት የተሰናበቱ ልጆች ስላሉ፣ መጥቼ ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቁኝ። «እውነቱን ተናግሮ ሥራ ያገኘ ወንድማችን ብዬ ነው የማስተዋውቅህ» አሉኝ። እምቢ ብል ውለታ ቢስ ነኝ፤ ለሰኞውም አቶ ቤዛብሕ ይነግሩብኛል። እሺ ብል ደግሞ እነዚያ ልጆች የእኔን «አሜን» ሰምተው፣ ልባቸው ሞልቶ፣ ከረባት ወዳሰረው ሰው ፊት ይሄዳሉ። እኔ የሄድኩበትን መንገድ አውቀዋለሁ። በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ዝም እንደሚሉም አውቃለሁ።

ስለዚህ በፍጹም ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ መጋዘኑ ያዛውሩኝ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ክሊራንሴን ፈርመው አክስቴን ከዋስትናዋ ይልቀቁልኝ፤ እኔ እንደ አመጣጤ እሄዳለሁ፣ ልዩም ወደ ባንኳ ትገባለች። ሁለቱም በእርስዎ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንዲት ፊርማ በላይ አይጠይቁም። ሦስተኛ መንገድ አለ የሚሉኝ ከሆነ ግን፣ ያቺን ከውስጥ ሆኖ የመዛወር መንገድ ማለቴ ነው፣ እሷን ለቅዳሜው ሰልጣኞች ይንገሩልኝ።

የቢሮዎ ወንበር ይመችዎ፤ ጉሮሮዎ ይዳንልዎ፤ ልጆችዎ አድገው ቃለ መጠይቅ በሚገቡበት ቀን ከጠረጴዛው ማዶ የቅዳሜው ሰው ይጠብቃቸው።

በፀሐይም በዝናብም የላሜራ በርዎን የምከፍትልዎ፣
ለጠመንጃ ታምኜ ለብርድ ልብስ ያልታመንኩት፣
አክባሪዎና ታዛዥዎ፣
ኢታና ቶሎሳ

ግልባጭ፦
ለቅዳሜው አቶ ቤዛብሕ
ለሰኞው አቶ ቤዛብሕ

ማስታወሻ፦ የቅዳሜውን ግብዣ ተቀብያለሁ፤ እመጣለሁ። እንዳስተማሩኝ በሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼዋለሁ፤ ድንገት ሳይሰሙት እንዳይቀሩ እዚህ አስቀምጬልዎታለሁ። «እውነቱን ስናገር መጋዘን ተከለከልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ጠመንጃ ተሰጠኝ። ይህን ሥልጠና የሚሰጠን ሰው እውነቱን ስንነግረው የሚሰማው ቅዳሜ ቀን ብቻ መሆኑን ተማርኩ። አሁን መሥራት የምችለው፣ አክስቴ እስክትለቀቅ ድረስ፣ በማልሰማበት ጆሮ ሌባ መጠበቅ ነው።» ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ። ስጠብቅ አፌን ትንሽ ከፈት ባደርግ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። «አሜን» የሚል ሰው ካለ በቀኜ በኩል ይቀመጥልኝ።